ከመጻጉዕ ወዲያ

ለታላቅ ወንድሜ ለኃይለ ሚካኤል በስልክ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። «ቀላል ነው እኮ ደብሬ፤ የቤቱን ኮምፒውተር ከሣጥኑ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው» ይለኛል፣ ባሕር ዳር ቢሮው ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ። እኔ ወረታ፣ እናቴ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ሥር በሆዴ ተኝቼ፣ ስልኬን በጆሮዬና በትከሻዬ አጣብቄ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚወጣውን ሽቦ በጣቴ እከተላለሁ። ታኅሣሥ ማለቂያው ነው። ፎገራ ሩዙን አጭዶ ወቅቶ ጨርሷል፤ ከመፈልፈያ ቤቶቹ የሚበነው ገለባ የከተማውን ሰው ሁሉ ያስነጥሰዋል፤ የጠረጴዛው ሥር አቧራ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል።

«ሽቦው ከሚገባበት ዘንድ አረንጓዴ መብራት ይታይሻል?»

«የሚታየኝ የሸረሪት ድር ነው።»

«ረጋ ብለሽ እይው። ቀላል ነው።»

«አንድ ጊዜ ደግመህ ቀላል ነው ካልህ ስልኩን እዘጋዋለሁ» አልሁት።

ደገመው፤ ዘጋሁት። ቁጣሽ የአባትሽ ነው ይሉኛል። ድምፃቸውን ግን አልወረስሁም።

ሣጥን የምንለው ከመካከለኛ ዳቦ የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ ነው፤ ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። በሆዱ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይዟል። በቤቱ ያለ ማንኛውም ኮምፒውተር በራውተሩ በኩል ከእሱ ጋር ይገናኝና የሚያስቀምጠውን ያስቀምጣል፣ የሚፈልገውን ያወጣል። ኃይለ ሚካኤል ለእናቴ ሲያስረዳት «የጋራ ጎተራ በይው» ነበር ያላት። በጎተራው ያለው እህል ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የአባቴ ድምፅ።

አባቴ መሪጌታ ገብረ ኪዳን የዜማ መምህር ነበሩ። ከቤታችን ጓሮ፣ ከዋንዛው ሥር ወንበራቸውን አስቀምጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጾመ ድጓ አስተማሩ፤ የዐቢይ ጾምን ዜማ፣ ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና። መጽሐፉማ አለ፤ የዜማ ምልክቱም ከፊደሉ ራስ ላይ ሰፍሯል። ነገር ግን ምልክት ያለ መምህር አፍ ዲዳ ነው። የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የቱ ላይ እንደሚዘገይ የሚያሳየው ድምፅ ነው። አምና ልባቸው ደከመና ሐኪም ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ ብሎ ከለከላቸው። ለዜማ መምህር እንዲህ ማለት ለገበሬ አትረስ እንደ ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሜ አሸናፊ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጦ እስከ መጻጉዕ፣ እስከ ጾሙ አራተኛ ሳምንት ድረስ ተምሯል። እዚያ ሲደርስ «ዜማ አያበላም» ብሎ መጽሐፉን አስቀመጠና ወጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ? የመሪጌታ ልጅ ከግማሽ ጾም ወዲያ ያለውን አያውቅም። የዘለቁት ተማሪዎች እያስመሰከሩ በየደብሩ ተበትነዋል፤ በጓሯችን ጎጆ ቀልሰው የቀሩት ጀማሪዎች ናቸው።

ስለዚህ ኃይለ ሚካኤል ፈቃድ ወስዶ መጣና ክረምቱን ሙሉ ማይክሮፎን ከአባቴ አፍ ሥር ደቅኖ ሲቀዳ ከረመ። መጀመሪያ አልወደዱትም። «ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ እንጂ ከአፍ ወደ ብረት የት ሲደረግ አይታችኋል?» አሉ። ኋላ ግን አሸናፊን እያሰቡ ይመስለኛል፣ እያረፉ፣ ውሃ እየጠጡ፣ ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ያለውን አወጡት። ኃይለ ሚካኤል በላፕቶፑ ይቀዳና የዕለቱን በዕለቱ ወደ ሣጥኑ ያስገባው ነበር። ሲሄድ ለእናቴ አንድ ትእዛዝ ሰጣት፤ «ይህን ሣጥን እንዳትነቅሉት፤ ሌት ተቀን እንደበራ ይቆይ» አላት። ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መኪናውን አስቁመው ላፕቶፑን ወሰዱበት። ነፍሱን ስለተዉለት እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ድምፁ እንደሆነ ሣጥኑ ውስጥ አለ አልን።

መስከረም ላይ የአባቴ ድምፅ ጨርሶ ጠፋ። አሸናፊ ባጃጁን ትቶ መጣና እግራቸው ሥር ቁጭ አለ፤ የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በአገጫቸው ወደ ቡፌው ያመለክቱትና ዓይናቸውን ይከድናሉ። አሸናፊ በማስታመሙ ተይዞ ሣጥኑን ሳይከፍተው፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት አረፉ።

በአርባቸው ዕለት የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ አያልነህ ድንኳኑ ውስጥ ሁላችንንም ሰብስበው ቁርጡን ነገሩን። «ጾሙ እስኪገባ እንጠብቃለን። አሸናፊ ጾመ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ካወጣው ወንበሩ የእሱ ነው፤ የሚቀና የለም። ካልሆነ ጉባኤው ይታጠፋል። የሰው ልጅ ያለ መምህር አስቀምጠን ዕድሜውን አንበላም። በዚህ ዘመን መንገድ ደፍሮ የሚመጣልን ሌላ መምህር ደግሞ የለም» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ለመቆጣት ይመቸኝ ነበር።

እናቴ መባ ግን ቅንጣት አልተጨነቀችም። «መሪጌታ እዚያ አሉ» ትላለች፣ ወደ ቡፌው እያየች። አርባው ሳይወጣ ግን ድምፅ አይከፈትም ብላ በሩን ዘግታብን ነበር። የለቅሶ ቤት ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ሁሉም ተሸፋፍኖ ዝም ብሏል። አሸናፊ «የራሳቸው ድምፅ ቢሆንስ፣ እማ?» ብሎ ሞክሯት ነበር። «የራሳቸውማ ከሆነ የባሰ ነው፤ እኔንም አብረህ ልትቀብረኝ ነው?» አለችው። በዚህ ዓይነት ሳምንታቱ አለፉ። እኔ ይፋግ አስተማሪ ነኝና ለቀብሩ መጥቼ፣ ተመልሼ፣ የመጣሁት ለአርባው ነው።

እንግዲህ ያን ዕለት ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ ለኃይለ ሚካኤል መልሼ ደወልሁለት። ኮምፒውተሩ የእኔ አሮጌ ነው፤ የፈተና ወረቀት ስጽፍበት የኖርሁት። ከላይ ባለው መስመር የሣጥኑን ስም ጻፊ አለኝ፤ ጻፍሁ። አልተገኘም አለ። ቁጥሩን ጻፊ አለኝ፤ ጻፍሁ። አልተገኘም። ሣጥኑን ልየው ብለው «መንካት አያስፈልግሽም፤ ሁሉም ከኮምፒውተሩ ነው የሚሠራው» አለኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠና እሱም አልተገኘም።

አሸናፊ ከኋላዬ ቆሟል። የአባቴን ጾመ ድጓ በሁለት እጁ ይዞ፣ ደብረ ዘይት ላይ ገልጦ።

«ምን ይላል፣ እታለም?»

«አይገኝም ይላል።»

«አባም ባሕር ዳር ሲደውሉልኝ ይኸው ነበር መልሱ» አለ። መጽሐፉን ግን አልዘጋውም።

እኔ ብሽቅ አልሁ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት የእኛ ቤት ነው። አባታችን ሳሎን አሉ፤ ልጃቸው ጓዳ ቆሟል፤ በመካከላቸው አንድ ግድግዳና አንድ ሽቦ አለ። እንኳን ለዜማ ለሌላውም ቢሆን የሚያሳብድ ነው።

በሳምንቱ ከይፋግ ስመለስ ሙጃሂድን ጠራነው። ሙጃሂድ ከመናኸሪያው ጀርባ የስልክና የኮምፒውተር ሱቅ አለው። እሱ ቁርአን ቤት፣ አሸናፊ ቄስ ትምህርት ቤት እየዋሉ፣ ማታ ማታ ኳስ ላይ እየተገናኙ ያደጉ ናቸው። ለአባቴ ቀብር ድንኳን ከተከሉት አንዱ እሱ ነው። አንድ ጥቅል ኬብል ትከሻው ላይ አድርጎ መጣና በመጀመሪያ ኮምፒውተሬን ሰደበው።

«ይኼ እኮ ጡረታ መውጣት ያለበት ነው፣ ደብሬ።»

«አንተ ጡረታ ስትወጣ አብረን እናወጣዋለን። ሥራህን ሥራ።»

ኮምፒውተሩን ፈትቶ ገጠመ፤ ለውጥ የለም። ቆይቶ ሽቦውን ሲጎትተው ከመካከሉ አይጥ በልታዋለች። የሩዝ ጊዜ ነው፤ አይጡ ከማሳ ወደ ቤት የሚገባበት። ሣቅን። እንግዲህ ችግሩ ይኼ ከሆነ ችግርም አይደለም ብለን ተጽናናን። አዲስ ኬብል ከራውተሩ እስከ ጓዳ ዘረጋ፤ አረንጓዴው መብራት ብልጭ አለ፤ ስሙን ብንጽፍ ግን አሁንም አልተገኘም። ሙጃሂድ ጢሙን እያሻሸ ብዙ ተቀመጠ። ኋላ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ በቤቱ የተገናኙትን ዕቃዎች ሁሉ ሲያይ፣ መብራት እየጠፋ ሲመጣ የሣጥኑ ቁጥር ተቀይሮ ኖሯል። አዲሱን ቁጥር ጻፈ።

የስምና የፓስወርድ መጠየቂያ መጣ። ኃይለ ሚካኤልን በስልክ አገኘነው፤ ነገረን፤ ጻፍን። ትንሿ ክብ ስትዞር፣ ስትዞር ቆይታ ፎልደሩ ተከፈተ።

«እማ! ነይ! ተገናኘ!» ብሎ አሸናፊ ጮኸ።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። ማንበብ አትችልምና ስሞቹን አነበብሁላት፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። በእያንዳንዱ ላይ አማተበች። «አላልኋችሁም? አላልኋችሁም?» አለች። እኔም በዚያች ደቂቃ አምኜ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። አሸናፊ በቀጥታ ደብረ ዘይትን ተጫነ።

ክቧ ዞረች። አሁንም ዞረች። ቆይቶ ኮምፒውተሩ ይህን ፋይል ማንበብ አልቻልሁም አለ። ገብር ኄርን ሞከረ፤ እንደዚያው። የሙጃሂድ ፊት ሲለወጥ አየሁት።

«ሣጥኑ ራሱ የት ነው?» አለ።

ሳሎን ወሰድሁት። ቡፌው ላይ ከአርባው ወዲህም ያልተገለጠ፣ የተሸፋፈነ ክምር አለ፤ የሐዘን ቤት ነውና ማንም ልብ አላለውም። ቴሌቪዥኑ በጥቁር ሻሽ ተሸፍኗል። ከጎኑ ያለው ግን ሻሽ አልነበረም፤ የአባቴ ጋቢ ነው፤ ታጥፎ የተደረበ፣ ከላዩም ትራስ የተደገፈበት። ሙጃሂድ ትራሱን አነሣ፤ ጋቢውን ገለጠ፤ እጁን ሣጥኑ ላይ ቢያሳርፍ ወዲያው መለሰው። እኔም ነካሁት። ከምድጃ እንደወረደ ድስት ይፋጃል። ግንባሩ ላይ ቀይ መብራት ይበራል።

«እማማ መባ» አለ ሙጃሂድ ቀስ ብሎ፣ «ይህን ማን ነው ያለበሰው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች እናቴ፤ እንደሚያመሰግናት እየጠበቀች። «ቴሌቪዥኑ ባዕድ ነው፤ ሻሽ ይበቃዋል። ይኼ ግን የመሪጌታ ድምፅ ያለበት አይደል? ያረፉ ዕለት የራሳቸውን ጋቢ ደረብሁለት።»

«ነቅለውት ነበር እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! ኃይሌ እንዳትነቅሉት ብሎኝ የለ? አንድ ቀን አልነቀልሁትም።»

«ድምፅስ አሰምቶ ያውቃል?»

«አዬ፣ እሱንስ ተወው! በሣልስቱ ማግስት ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮህ ጀመር። ለቀስተኛው ቤት ሙሉ ተቀምጦ! አፈርሁ፣ ልጄ። በሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ጩኸት ደግ ነው? ጋቢውን አጥፌ ደረብሁበት፤ ትራሱንም ጫንሁት። እየቆየ እየቆየ ዝም አለ።»

ሙጃሂድ እኔን አየኝ፤ እኔም ገባኝ። ሣጥኑ ተቃጠልሁ እያለ ሲጣራ ነበር። የጮኸው ድረሱልኝ ብሎ ነው፤ እሷ ደግሞ በሐዘን ቤት ወግ ዝም አሰኘችው። የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች። አልነቀለችም፤ አከበረች፤ አለበሰች። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ላይ ልጮህባት፣ አንቺ ነሽ ልላት፣ አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲያ ያለ ንዴት በእናቴ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ እንዲያ ያለ ማዘንም እንደዚያው።

ሙጃሂድ ቀደመኝ። «መብራቱ ነው፣ እማማ» አላት። «እየጠፋ ሲመጣ፣ እየጠፋ ሲመጣ ዕቃውን ትንሽ ጎድቶታል። እናየዋለን።»

«ይኼ መብራት!» አለች፤ እስኪመሽ ድረስ መብራቱን ስትራገም ዋለች።

ጓሮ ወጥተን ነገረን። አንዱ ዲስክ ሞቷል። ሁለተኛው ነፍሱ አለች፤ ግን ተጎድቷል። ይቀዝቅዝና የሚሰጠንን እንቀበለዋለን፣ የማይሰጠንን አንለምነውም አለ። ሌሊቱን ጠፍቶ አደረ። በማግስቱ በመስኮቱ በኩል ነፋስ እንዲያገኘው አድርገን፣ አዲሱን ቁጥር ጽፈን፣ ኮምፒውተሩን አገናኘንና አንድ በአንድ ወደ እኛ መገልበጥ ጀመርን።

ዘወረደ መጣ። ቅድስት መጣ። ምኩራብ ብዙ ታግሎ መጣ። መጻጉዕ ሲጨርስ አሸናፊ ሣቀ፤ ግን ደስ የሚል ሣቅ አልነበረም። እስከዚያ ያለውን እንደ ውሃ የሚጠጣው ነው። ደብረ ዘይት ጀመረ፤ ጥቂት ገፋ፤ ቆመ። ከሳሎን የሚንቋቋ ድምፅ ተሰማ፤ ጥርስ የሚፋጭ ይመስላል። ሙጃሂድ ሮጦ ሄደ። ከደብረ ዘይት የመጣልን መነሻው ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ስማቸው እንኳ ከኮምፒውተሩ ገጽ ጠፋ።

ለኃይለ ሚካኤል ስነግረው ቀላል ነው አላለም። «ዲስኩን ላኩልኝ» አለ። ሙጃሂድ ራሱ ነቅሎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ በዚያ መንገድ ባሕር ዳር ድረስ ይዞለት ሄደ። እዚያ ያለው ባለሙያ ከፍቶ አይቶ «ተቧጥጧል፤ ለማንም ብትወስዱት አይነበብም» አላቸው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሙጃሂድ ሲመለስ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ለአሸናፊ ሰጠው፤ አሸናፊም ምን እንደሚያደርገው አላወቀም፤ ኪሱ ከተተው።

ለእናቴ የሚነግር ጠፋ። እኔ ይነገራት ባይ ነበርሁ።

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት?» አለኝ አሸናፊ፤ ከዋንዛው ሥር ቆመን። «ጋቢ አልብሰሽ ገደልሻቸው ልትያት ነው?»

«ምክንያቱን ማን አለህ? የለም ነው የምላት። ጠፋ ነው የምላት።»

«ለምን ብላ አትጠይቅ? እናትሽን አታውቂያትም? ትጠይቃለች፤ ሙጃሂድንም ትጠይቃለች፤ ትደርስበታለች። ጥፋቱ የኔ ነው። ቁጭ ብዬ ብማር ኖሮ ሣጥን አያስፈልገንም ነበር። ለአለቃ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ ለብቻቸው። ጉባኤውን ይዝጉት፤ እሷ በኔ ትዘን።»

የሚለው እውነት ነበር። አቅፌው አላውቅም፤ ያን ዕለትም አላቀፍሁትም፤ አሁን ይቆጨኛል።

ለአለቃ ለብቻቸው ለመንገር ግን ጊዜ አላገኘም፤ እናቴ ቀደመችው። የጾሙ ዋዜማ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አለቃ አያልነህን ይዛቸው መጣች። «ይምጡና ይስሙ፤ መሪጌታ ራሳቸው እያስተማሩት ነው» ብላ ነበር የጠራቻቸው። ተማሪዎቹንም ከጎጆአቸው አስወጥታ በሩ ላይ አስቀመጠች። ድምፁ ይጉላ ብላ ሙጃሂድን ስፒከር አስመጥታለች። እሱ ደግሞ ስፒከሩን ገጥሞ ጥጉ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም።

አሸናፊ ዘወረደን ከፈተ።

የአባቴ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። አሸናፊ ከጎናቸው ሆኖ አነሣ፤ እሳቸው ሲወጡ ወጣ፣ እሳቸው ሲወርዱ ወረደ። እንዲያ ሲያዜም ሰምቼው አላውቅም። ከቅድስት ጥቂት፣ ከምኩራብ ጥቂት፣ ከመጻጉዕ ጥቂት አወጣ። አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው መቋሚያቸውን በቀስታ ያወዛውዛሉ። እናቴ እያለቀሰች ፈገግ ትላለች። እኔ ግን በዚህ ይብቃ፣ በዚህ ይብቃ እያልሁ እጸልይ ነበር። የት ድረስ እንደሚሄድ አውቀዋለሁና።

«ደግ ነው» አሉ አለቃ ዓይናቸውን ገልጠው። «አባትህን መሰልህ፣ ልጄ። ከመጻጉዕ ወዲያ ያለውንስ?»

አሸናፊ አየኝ። እኔ ሙጃሂድን አየሁ።

«ክፈትላቸው እንጂ፣ ልጄ!» አለች እናቴ። «ደብረ ዘይትን ክፈትላቸው!»

እምቢ ማለት ይችል ነበር። በእናቱ ፊት፣ በተማሪዎቹ ፊት ግን አልቻለም፤ ከፈተው። የአባቴ ድምፅ ተነሣ፤ ከፍ አለ፤ በረዥሙ ተጎተተ፤ ከዚያ አንድ ቃል ሳይጨርስ ቆመ።

በማኅሌት አንዱ መርቶ ሲያቆም ሌላው ከአፉ ተቀብሎ ይቀጥላል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቅጽሩ ውስጥ ቆማ ይህንኑ ስትሰማ ኖራለች። ስለዚህ ዝምታው አላስደነገጣትም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ አሸናፊ ዞረች።

«መርተውልሃል እኮ» አለችው። «ተቀበላቸው እንጂ!»

አሸናፊ አፉን ከፈተ። አንገቱ ላይ ሥሮቹ ተገታተሩ፤ የወጣ ድምፅ ግን አልነበረም።

«ተቀበላቸው፣ የኔ ልጅ። እየጠበቁህ ነው።»

«አላውቀውም፣ እማ።»

«ከሳቸው አይደል የምትሰማው? ስማቸውና ተቀበል።»

«ከዚህ ወዲያ የሉም» አላት።

እናቴ ስፒከሩን አየች። አሸናፊን አየች። ከዚያ ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ ማናችንም ዓይኗን መቋቋም አልቻልንም። ምን እንደገባትና ምን እንዳልገባት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቃኝም አታውቅም። አለቃ አያልነህ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ጉባኤው መታጠፉን ለተማሪዎቹ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አቃታቸው፤ ሽማግሌው አለቀሱ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች እናቴ።

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ተማሪዎቹ እሷን ሲያዩ ከደረጃው ላይ ብድግ አሉ። መቃኑን በአንድ እጇ ያዘች።

«ልጆቼ፣ የኔታችሁ ሞተዋል» አለቻቸው። «ሌላ መምህር ፈልጉ።»